ያልተዘጋው ዲስክ

«ነይ በማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ...» ዲስክ ጠጋኙ ሲያንጎራጉር ሁሌ እዚህ ላይ ይቆማል። ቀሪውን ስንኝ የምታውቀው እናቱ ነበረች፤ ድምፅዋ መሳቢያው ውስጥ በተሰነጠቀ ዲስክ ላይ ቀርቷል።

ዛሬ አንዲት ባልቴት የሟች ባላቸውን ድምፅ የያዘ ዲስክ አመጡ።

«አልሠራ ሲለኝ፣ የቀዳልኝ ጎረቤቴ ማጫወቻዎ ነው የተበላሸው አለኝ።» ጠጋኙ ዲስኩን መቅጃው ላይ ሞከረው።

«ማጫወቻዎ ምን በወጣው፣ እትዬ!» ምሳ ዕቃውን ገፍቶ ጮኸ። «ቀድቶ ሲያበቃ አልቋል የሚለውን ምልክት ሳይጽፍበት፣ ዲስኩን ሳይዘጋው ነው የሰጠዎት! ያልተዘጋ ዲስክ በማጫወቻ አይነበብም። ጭራሽ ዓይኑን በጨው አጥቦ በማጫወቻዎ ያላክካል? የሰው ትዝታ እኮ ነው!»

ዲስኩን በሳሳው የሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፤ እያጉረመረመ መልሶ መቅጃው ውስጥ ከትቶ ቅጂውን ዘጋው፤ ከዚያም አጫወተው።

የሰውየው ሳቅ ክፍሉን ሞላው።

«እሱ ነው! እሱ ራሱ!» አሉ ባልቴቷ፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው።

ጠጋኙ የእናቱ ዲስክ ያለበትን ክፍት መሳቢያ በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋና፣ ቁጭ ብሎ የቀዘቀዘ ምሳውን መብላት ጀመረ።