ጅጅጋን የሚያህል አውሮፕላን

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከካርቶን ያወጣውን የላስቲክ አውሮፕላን ገጣጥሞ ጨረሰና የምግብ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። እኔን ደግሞ ፊቴን በእፍረት አቃጠለኝ። ልጁ የማስቲሹ ሽታ ያመመኝ መስሎት መስኮቱን ከፈተልኝ።

በሶማሌ ጦርነት ጊዜ፣ ሆሳዕና ከተማ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ማርቆስም አውሮፕላኖች ነበሩን። ማርቆስ ግድግዳችን ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ምስሉን እያየ፣ የእናታችንን መቀስ እያዶለዶመ ከወተት ጣሳ ቆርጦ የሠራቸው፣ ጫፋቸው ጣት የሚሸረክት ሁለት አውሮፕላኖች፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የጠላት። አስተማሪው አባታችን ኪሱ ውስጥ ረስቶት በሚመጣው ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ሐረርንና ጅጅጋን እንስላለን። የልክ ነገር አልገባንም ነበርና አውሮፕላኑ ጅጅጋን ከነገበያዋ ይሸፍናታል። የእኛ ወታደሮች የተቆላ ባቄላ፣ የጠላት ደግሞ ሽምብራ ነበሩ። ቆርኪ እንወረውራለን፤ በጀርባው ከወደቀ ቦምቡ መታ ማለት ነው። የተመታ ይሞታል፣ የሞተ ይበላል። እኔ ባቄላ ስለምወድ የእኛ ወገን ሲመታ ደስ ይለኝ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ወርቅነሽ ሬዲዮ ስላልነበራቸው ማታ ማታ ዜና ለመስማት እኛ ቤት ይመጣሉ። ባላቸው ጋሽ ሎምባሞ ለሚሊሺያ ተመልምለው ወደ ምሥራቅ ከሄዱ ወዲህ ወሬያቸው ጠፍቶ ነበር። ማርቆስ ለክብራቸው ብሎ ትልቁን ባቄላ ጋሽ ሎምባሞ አለውና ከፊት አሰለፈው። እናታችን ይህንን ለእትዬ ወርቅነሽ እየሳቀች ነግራቸዋለች።

አንድ ምሽት ዜናው ሳይጀምር ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው፣ የሀዲይኛ ቃና ባለው አማርኛቸው፣ ፈገግ እያሉ ጠየቁን።

"የኔ ሰውዬስ? የቱ ነው?"

ቆርኪው በጀርባው ከወደቀልኝ ገና ደቂቃ አልሞላም። ጋሽ ሎምባሞ አፌ ውስጥ ነበሩ። መዋጥም መትፋትም አቃተኝ፤ ጉንጬ ተወጥሮ፣ ጆሮዬ እየጋለ ወደ ማርቆስ ዞርኩ። ማርቆስ አየኝና ቶሎ ብሎ ሐረር ጥግ፣ ከሁሉም በስተኋላ የቀረች አንዲት ባቄላ አሳያቸው።

"እዚህ ናቸው፣ ከኋላ። እዚህ ድረስ አውሮፕላን አይመጣም።"

እትዬ ወርቅነሽ ባቄላዋን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጓትና "ጌታ ይባረክ" አሉ። ሌላ ጊዜ በር ላይ ቆመው የሚሰሙትን ዜና ያን ምሽት ወንበር ስበው፣ ተደላድለው ተቀምጠው ሰሙት። እኔ ጓዳ ገብቼ አፌን ተጉመጠመጥኩ።

ዛሬ ያ ቤት ፈርሶ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። አባታችንም እናታችንም የሉም፤ ማርቆስም መነጽር ካላደረገ ጋዜጣ አያነብም። ይህ ሁሉ በሰው የሚደርስ ነውና አዝኜ አዝኜ ይወጣልኛል። እፍረቱ ግን አልወጣልኝም።

የጋሽ ሎምባሞ መርዶ የመጣ ቀን እትዬ ወርቅነሽ እናታችን ትከሻ ላይ ተደፍተው፣ በሀዲይኛ እያለቀሱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ድንገት ቀና ብለው ፊቷን አዩና "ልጆቹ እኮ ከኋላ ነው ብለውኝ ነበር" አሏት። ወቀሳ አልነበረም። የምራቸውን አምነውን ነበር።