የአይሪሽዋ ጎረቤቴ ጎመንና የእኔ ጾም

ቅዳሜ ከዳውንታውን ፓርኪንግ ሥራዬ ወጥቼ ግሌንዴል አፓርታማችን ስደርስ ሊፍቱ አይሠራም። ደረጃው ሥር ጎረቤቴ ኖራ አራት ፌስታል ይዘው ቆመዋል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከአየርላንድ የመጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴትዮ ናቸው። «እማማ» ነው የምላቸው፣ ለምደውታል። ዕቃቸውን ተቀብዬ ሦስተኛ ፎቅ አወጣሁላቸው... ጣጣዬም እዚያ ጀመረ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዘንድሮ ሁዳዴን ሳልገድፍ ልጨርስ ብዬ ለንስሐ አባቴ ቃል ገብቻለሁ። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ በየዓመቱ ቃል እገባለሁ፣ በየዓመቱ ሥራ ቦታ ፒዛ ሲመጣ ጉድ እሆናለሁ። ባለቤቴ ሰናይትማ «እስቲ እናያለን» እያለች መሳቂያ አድርጋኛለች። ዘንድሮ ግን ሰባት ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ አላልኩም። ለፋሲካ የቀረኝ አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

«ግባ፣ ሻይ ጠጣ» አሉኝ ኖራ በራቸውን ከፍተው።

«አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ።»

«ትንሽ ብቻ።»

«ኧረ ምንም አልፈልግም።»

«አንድ ኩባያ ሻይ ምን ያደርግሃል?» ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ።

እዚህ አገር ሰው አንዴ ይጠይቅሃል፣ እምቢ ካልክ ሳህኑን ያነሳዋል። ስንቴ በይሉኝታ «በልቻለሁ» ብዬ ሆዴ እየጮኸ ከሰው ቤት ወጥቻለሁ። አይሪሾች ግን ለካ እንደኛው ናቸው... የመጀመሪያው እምቢታ አይቆጠርም፣ ሁለተኛውም አይቆጠርም። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሬን እምቢ ማለቴ ነው። ማን ይመነኝ?

ሻዩ ወተት ተጨምሮበት መጣ። ዳቦው ቅቤ ተቀብቶ መጣ። ቀጥለው ከትልቁ ድስት የአሳማ ሥጋ አውጥተው ይቆርጡልኝ ጀመር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተናደድኩ። ምንም እንዳልነካሁ ሲያዩ ደግሞ ፊታቸው ልውጥ አለ።

«ቤቴ አልተመቸህም?»

«ኧረ እማማ፣ ጾም ላይ ሆኜ ነው። ሥጋም ወተትም ቅቤም አልቀምስም።»

«ታዲያ ይሄን ገና በር ላይ አትነግረኝም? እኔም እኮ ካቶሊክ ነኝ፣ ለጾሙ ስኳር ትቻለሁ» አሉና ሁሉንም አነሱት። ሥጋውን ፍሪጅ ከተቱት። ከትንሹ ድስት ድንችና ጥቅል ጎመን ሞልተው አቀረቡልኝ። አንጀቴን በሉት። የሰው ጾም እንዲህ የሚያከብር ፈረንጅ አይቼ አላውቅም።

ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም፣ ጎመኑ ደግሞ ሲጣፍጥ! አንዱን ሳህን ጨረስኩ። «ልጨምርልህ?» ሲሉኝ ዘንድሮ ይሉኝታ የለም ብዬ ሳህኑን ዘረጋሁ። ሁለተኛውን ልጨርስ ስል ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ምን ቢያደርጉበት ነው እንዲህ የጣፈጠው?»

«ምንም የለውም ልጄ። ሥጋው የተቀቀለበትን ውሃ ነው ጎመኑ ላይ የምገለብጠው። በኛ አገር ያንን ውሃ የሚደፋ ሰው የለም።»

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። የአሳማ... በሁዳዴ... ልተፋው ብል ሴትዮዋ ፈገግ ብለው ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው። ዋጥኩት።

«ልድገምልህ?»

«አይ እማማ፣ በቃኝ፣ በእውነት በቃኝ።»

እሱንም አላመኑኝም። ሦስተኛ ሳህን ሞሉልኝ፣ ሳልጨርስም ከወንበሬ አላስነሱኝም።

በንዴት ጦፌ ቤቴ ገባሁና አውሮራ ከተማ ላሉት ንስሐ አባቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሁለቱን ሳህን ሳላውቅ እንደበላሁም አልደበቅኩም። ሰናይት ሶፋው ላይ በሳቅ ትፈርሳለች።

«ስንት ሳህን በላህ?» አሉኝ።

«ሦስት፣ አባ። ሦስተኛው ግን በግድ ነው።»

«ሁለቱን ሳታውቅ፣ ሦስተኛውን በግድ ብትበላም፣ ያስጨመርክበትን ሆዳምነት ግን ንስሐ ግባበት» አሉኝ።