የጥሩዬ ነጭ ምላስ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ አስናቀች የአምስት ዓመት ልጇን አቅፋ ቡሬ ካለው ቤቴ መጣች። «እትዬ ሙሉ፣ እስቲ ይዩልኝ እንዴት እንደወፈረልኝ» አለችኝ ደስ ብሏት። ልጁ ዓይኑ አብጦ ሊከደን ምንም አልቀረውም። ቅልጥሙን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ሳነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ያን ጉድጓድ አውቀዋለሁ። ነጠላዬን አንስቼ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳት።

ልጅ ሳለሁ ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ቡሬ ቤት ተከራይቼ ስምንተኛ ክፍል እማራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሬ ሄጄ ገጠር ቤታችን እገባለሁ። አንድ ቅዳሜ ስገባ የሰባት ዓመቷን እኅቴን ጥሩወርቅን ፊቷ ሞልቶ፣ ጉንጯ ተነፍቶ አገኘኋት። መንደሩ ወፈረች እያለ ሲያደንቅ፣ እናቴ ዓይን እንዳይበላት ሰግታ ጓዳ ደብቃት ሰንብታለች። አይ የኛ ነገር፤ ክሳት እንጂ ውፍረት በሽታ ይሆናል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ፍኖተ ሰላም ወሰድናት። ሐኪሙ ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት ነበር። ሽንቷን በቀጭን ብልቃጥ አድርጎ በእሳት ሲያሞቀው እንደ እንቁላል ውሃ ነጣ። ኩላሊቷ ለሰውነቷ የሚያስፈልገውን ምግብ እያፈሰሰው ነው አለን። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ትእዛዙን ሁሉ ለእኔ ነገረኝ፤ እኔም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ጨው አትቀምስም። እንክብሉን ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በኋላ ትውጣለች። ብትድን እንኳ እሱ ሳያዝ አንድ ቀን አይቋረጥም። ለሕፃናት ኩላሊት ተብሎ የተማረ ሐኪም አዲስ አበባ እንጂ በአካባቢው እንደሌለ፣ ሕመሙ ከተመለሰ ወደዚያ እንደሚልካትም ነገረን። «ኃላፊዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁ።

እብጠቱ በጥቂት ሳምንታት ሟሸሸ። ጥሩዬ ጨው የሌለው ድንች እያንገሸገሻት ትበላለች፤ ከበላች በኋላ ግን በጭቃው ላይ እንደ ልጅ ትሮጣለች። ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እንክብሉን በየጠዋቱ በእጄ እሰጣት ነበር።

ፍልሰታ ገባ። በእኛ አገር ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ ሰባት ዓመት የሞላው ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ፣ አስቀድሶ ይቆርባል። ልጆቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «ምላስሽን አሳዪ» ይባባላሉ። የጾመ ልጅ ምላሱ ነጭ ነው፤ የበላ ቀይ። በሦስተኛው ቀን ጥሩዬ እያለቀሰች መጥታ ምላሷን አወጣችልኝ። ቀይ ነበር።

«እታለም፣ እመቤታችን እኔን አትወደኝም?» አለችኝ።

ልቤ አልቻለም። ድናለች፣ ሁለት ሳምንት ምን አላት ብዬ ቁርሱንም እንክብሉንም ተውኩት። ከቅዳሴ መልስ ልሰጣት እችል ነበር። ይህን ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ! ነገር ግን ደብተሬ ላይ «ጠዋት» ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ፤ ጠዋት ካልሆነ አይሠራም ብዬ አመንኩ። አስተማሪ ያለውን ቃል በቃል እየሸመደድኩ አንደኛ የምወጣ ልጅ ነበርኩና። በቆረበችበት አፍ ላይ መድኃኒት መጨመርም ድፍረት መሰለኝ። የንስሐ አባታችንን ልጠይቅ አልኩና አፈርኩ። ለእናቴም ሳልነግራት መድኃኒቱን ከልብሴ ሥር ሸሸግሁት። ጥሩዬ በየቀኑ በካፊያው ውስጥ እየሮጠች መጥታ ምላሷን ታሳየኛለች። ነጭ ነበር። እንደዚያን ሰሞን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ዓይኗ እንደገና አበጠ። በፍቺው ዕለት ጎረቤት የበቆሎ እሸት እየጠበሰ ሲያመጣላት በእጇ ይዛ ሳትቀምሰው ቀረች። ሆዷ ተወጠረ፤ ትኩሳት ያዛት። የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ይዘዋት ወጡ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ጎርፉ እስኪጎድል ግማሽ ቀን ዳር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ያ ሐኪም ዳሰሳትና ቀና ብሎ አየኝ። «እንክብሉን አቋርጣለች?»

እናቴ ቀደመችኝ። «ኧረ በጭራሽ፣ ይቺ ልጄ አንድ ጠዋት አላጓደለችባትም» አለችው፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ።

እኔም አላረምኳትም። ሐኪሙ የአዲስ አበባውን ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሱ መናኸሪያ ቆሞ ሰው ሲጭን፣ ጥሩዬ እናቴ ጭን ላይ አረፈች። ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር።

ከአርባዋ በኋላ ለንስሐ አባታችን ተናዘዝኩ። «ልጄ፣ የታመመ ሰው ጾም የለበትም እኮ» አሉኝ። «ምነው ብትጠይቂኝ?»

የአስናቀችን ልጅ የመረመረው ሐኪምም የመላኪያ ወረቀት ጻፈ። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ የሕፃናት የኩላሊት ሐኪም ግን ዛሬም ለእኛ ሩቅ ነው። የሚሰጡትን እንክብል ቢድንም እንዳታቋርጪ፣ ያልገባሽን ሁሉ ጠይቂ እያልኩ ስደጋግምባት ገረማት።

«የእርስዎም እኅት እንዲህ ታማ ነበር አሉ፤ ድና ነበር እትዬ?» አለችኝ።

«ድና ነበር» አልኳት። ከዚያም እናቴ እስክትሞት ያልነገርኳትን ለእሷ ነገርኳት። አስናቀች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። የተኛውን ልጇን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችና፣ የሐኪም ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።