የነሐሴ መብረቅና የአያ ታፈረ ቆጠራ

ይህን የምጽፈው፣ ባለፈው ሳምንት በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ የጥገና ባለሙያ አልነሣ ያለ ኮምፒውተር ፊት ቆሞ፣ ገና ሳይነካው፣ «ፎርማት ነው መድኃኒቱ» ሲል ስለ ሰማሁ ነው። ፎርማት ማለት በውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሶ ከባዶ መጀመር ነው። ያንኑ ቃል ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት ቢቸና ላይ፣ በዚያው ግድ የለሽ ድምፅ ሰምቼው ነበር። ያን ጊዜ እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ ምን ይጠፋ እንደ ነበር በጽሑፍ ማስቀመጥ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ሃያ ዓመቴ ነበር። የዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ለክረምት ዕረፍት ቤት ገብቼ ነበር። ብዙ የማነብ፣ ጥቂት የምስቅ፣ ለማንኛውም ነገር ደንብ የማወጣ ልጅ ነበርሁ። ኮምፒውተሩን አዲስ አበባ የሚኖረው አጎታችን አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ ገዝቶ የላከልን ሲሆን፣ እናቴ ከቡፌው አጠገብ አስቀምጣ፣ ራሷ የሠራችውን ዳንቴል አልብሳው ነበር። በላዩ ላይ ካወጣኋቸው ደንቦች አንዱ ፍላሽ የሚባል ነገር እንዳይሰካበት ነው። በዚያ ዘመን ከአንዱ ፍላሽ ወደ ሌላው የሚዛመተው ቫይረስ የጓደኞቼን ጽሑፍ ሁሉ ሲያበላሽ አይቻለሁና፣ የእኔ መኪና፣ ኮምፒውተሩን እንዲያ ነበር የምለው፣ ንጹሕ ሆና እንድትኖር ፈለግሁ። ሌላው ደንቤ ያልተጠናቀቀ ጽሑፍ ወረቀት ላይ እንዳይወርድ የሚል ነበር።

ያልተጠናቀቀው ጽሑፍ የአያ ታፈረ የዘር ቆጠራ ነው። አያ ታፈረ የእናቴ አጎት ናቸው። ከቢቸና እስከ የጁቤ ባለው አገር ልጅ የሚድር ሰው አስቀድሞ እርሳቸው ዘንድ ይመጣ ነበር፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘመድ ነው፣ አይጋባም፤ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ባዕድ ይሆናል። ቆመው ለጠየቁት አይቆጥሩም። እንግዳውን አስቀምጠው፣ ከኪሳቸው ደረቅ ባቄላ አውጥተው፣ ለእያንዳንዱ ቤት አንዲት ፍሬ ከግራ መዳፋቸው ወደ ቀኛቸው እያሻገሩ ነበር የሚቆጥሩት። ሁለት ክረምት ሙሉ እርሳቸው ሲያሻግሩ እኔ ጻፍሁ። «ልጄ፣ አትቸኩል» ይሉኝ ነበር፤ «የሞተ ሰው አይቸኩልም፤ ስሙን እስክትጽፍ ይጠብቅሃል።» በዚያው ዓመት ሁዳዴ እርሳቸውም ዐረፉ።

በሰኔ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ታላቅ እኅቴን ትርንጎን ለሞጣው መምህር ለአዲሱ ጠየቁ። ልጁ ጨዋ፣ ሥራውም የተከበረ ነበርና በነገሩ ሁሉም ተደሰተ። ቆጠራው ሲነሣ ግን የሁለቱ ሐረግ እጅጉ የሚባል አንድ ሰው ላይ ተገናኘ። በአዲሱ በኩል እስከ እጅጉ ስምንት ቤት ነው። በእኛ በኩል ያሉት ሽማግሌዎች ግን ደጋግመው ቢቆጥሩ ሰባት ላይ ቆመባቸው። እኔ በጽሑፉ ላይ ስምንት እንደ ነበረ፣ በመካከልም ሰው የዘነጋት አንዲት ሴት እንደ ነበረች ትዝ አለኝ፤ ስሟ ግን አልመጣልህ አለኝ። ከአራት መቶ ከሚበልጡ ስሞች መካከል አንዷ ናት። የሽማግሌዎቹ አለቃ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «ትዝ ይለኛል በሚል ልጅ አይዳርም» አሉ። «ስሟን፣ የማን ልጅ እንደ ሆነች፣ አገሯንም አምጣ። እኛ ሄደን እናጣራለን። ፍልሰታ ሲፈታ እንመጣለን።» ጽሑፉን ወዲያው ላሳያቸው ስል መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ቀን አለ ብዬ ተውሁት። እኔም እንደ ልማዴ ጽሑፉን ጨርሼ፣ አስጠርዤ፣ በክብር ላቀርብ ዐሰብሁ፤ ስሟንም ያን ጊዜ እደርስባታለሁ ብዬ ለይቼ አልፈለግኋትም።

በነሐሴ መጀመሪያ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከዩኒቨርሲቲ በሲዲ ያመጣሁትን ማሻሻያ ኮምፒውተሩ ላይ መጫን ጀመርሁ። ረጅም ጊዜ የሚወስድ ስለ ሆነ ትቼው ወፍጮ ቤት ሄድሁ። ሰማዩ ከጮቄ በኩል ጠቁሮ ነበር። ስመለስ በረዶው አቁሟል፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ የኮምፒውተሩ ገመድ ከግድግዳው ተነቅሎ፣ እንደ ተልባ ጭድ ታስሮ፣ ዳንቴሉ ላይ ተቀምጧል።

«እማዬ፣ ማን ነቀለው?»

«እኔ ነኛ! መብረቁን አልሰማህም? ዐምና የጎረቤታችንን ቴሌቪዥን እንዴት እንዳደረገው ረሳኸው?»

መልሼ ስሰካው ማያው ጥቁር ሆነ። በነጭ ፊደል፣ ለመነሣት የሚያስፈልግ ፋይል ስለ ተበላሸ መነሣት እንዳልቻለ ጻፈ። አጠፋሁት፣ አበራሁት፤ ያንኑ ጻፈ። ያን ጊዜ ለእናቴ የተናገርሁትን ዛሬም እየከበደኝ እጽፈዋለሁ፤ «አያ ታፈረን ሁለተኛ ገደልሻቸው» አልኋት። የፍልሰታ ጾም ነበር፤ ያን ቀን የቀረበውን ሽሮ ማናችንም አልነካነውም።

ቢቸና ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሰው መኪናዋን ከፈት አድርጎ ዐየና ያን ቃል ተናገረ። «ፎርማት ነው መድኃኒቱ። በግማሽ ሰዓት አዲስ ትሆናለች።»

«ውስጧ ያለውስ?»

«እሱማ ይሄዳል።»

አቅፌያት ወደ ቤት ተመለስሁ። ትርንጎ ደጃፍ ላይ የበቆሎ እሸት ትፈለፍል ነበር። ቀልድ የማያልቅባት ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ቀልዷ ውስጥ እንባ ነበረበት። «ሰው በልቡ ያገባል ሲሉ እሰማ ነበር» አለችኝ፤ «እኔ ደግሞ በሣጥን ላገባ ነው?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አዲሱ ሞጣ ላይ አንድ ጀማል የሚባል ባለ ሱቅ አለ ይላል። ሬዲዮም ኮምፒውተርም ይጠግናል። ሳይነካ አይፈርድም አሉ። ሂድ፤ እኔ መሄድ ብችል ተሸክሜው እሄድ ነበር» አለች።

በማግስቱ መኪናዋን በጋቢ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ረዳቱ ጣራ ላይ ካልወጣ ብሎ ወጠረኝ። እምቢ ስለው፣ «ሬሳ ነው እንዴ እንዲህ ያቀፍከው?» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ግን፣ «ተወው፤ ሰው የሚያቅፈውን ራሱ ያውቃል» አሉና ጉልበታቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ። መንገዱ ያን ጊዜ ኮረኮንች ነበር። ደብረ ወርቅን አልፈን ጉንደወይን እስክንደርስ ሁለት ጊዜ ጭቃ ያዘን፤ ወንዶች ወርደን ገፋን። እኔ ስገፋ መኪናዋን አሮጊቷ ታቀፉልኝ። ግራና ቀኙ ገና ከመሬት ከፍ ያለ ጤፍ ነበር፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ውኃ ይሄዳል። በሌላ ቀን ቢሆን ስለዚያ ብዙ እጽፍ ነበር።

ሞጣ መናኸሪያ ላይ ከሚጥሚጣ ጋር የተቀቀለ ድንች እየበላሁ ሳለ፣ ትርንጎ ደውላለት ኖሮ መምህር አዲሱ መጣ። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። ነገሩ በሽማግሌ እጅ ያለ ስለ ሆነ ከእርሱ ጋር መታየቴ ደንብ አይደለም ብዬ ዐሰብሁ፤ አማች ልበለው ወይስ ዘመድ እንኳ አላውቅም ነበር። «መምህር፣ ባይመጡ ይሻል ነበር» አልሁት።

«ዐውቃለሁ» አለ። «ግን ቤት ተቀምጬ ምን ልሥራ? ብቻዬን ልሰቀቅ?»

የጋሽ ጀማል ሱቅ ፊት ለፊቱ አቡጀዲና ሻሽ የተደረደረበት ነው፤ ያ የአባታቸው ንግድ ነበር። በስተኋላ ሬዲዮዎች አንጀታቸው ተዘርግቶ ይታያሉ። ጋሽ ጀማል አርባ ዓመት የሚሆናቸው፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሰው ነበሩ። የመጣሁበትን ሁሉ፣ ቆጠራውንም ጭምር፣ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። መጾሜን ሲያውቁ ከጎን ካለው ሻይ ቤት ሻይና ዳቦ አስመጡልኝ።

«ዲስኩን አውጥተው በሌላ ኮምፒውተር አይገለብጡትም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ያንተ የድሮ ነው፤ ገመዱ ከኔ አይገጥምም። እዚያው ባለበት ነው የምናድነው። አትፍራ፤ የጠፋ ነገር አላየሁም። የሚያነሣው ፋይል ነው የተጎዳ፤ ጽሑፍህ ሌላ ክፍል ነው ያለ።» ሲዲ አነሡና ልክ ሊያስገቡ ሲሉ በሩቁ ሰማዩ አጉረመረመ። ሲዲውን መልሰው አስቀመጡ። ከዚያም በሱቁ ውስጥ ያለውን ገመድ ሁሉ አንድ በአንድ ነቀሉ።

«ምነው?» አልሁ።

«መብረቅ እያለ አልነካም። መሐል ላይ መብራት ቢሄድ የቀረውንም እንቀብረዋለን። ነገ ጠዋት።»

መምህር አዲሱ ወደ እኔ ዐየ። እናቴ ያደረገችውን ያንኑ፣ ዐዋቂ የተባለ ሰው በዐይኔ ፊት አደረገው።

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ጋሽ ጀማል ሲዲውን አስገቡ፤ አንዲት ፊደል ተጫኑ፤ ጥቁሩ ማያ ተከፈተ። በመጀመሪያ ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር እንዲፈተሽ አዘዙት። ቁጥሩ ከመቶ እየተሰላ ይወጣ ጀመር። ደንበኛ ሻሽ ሊገዛ ይመጣል፤ ጋሽ ጀማል ለክተው፣ ቀደው፣ ሸጠው ይመለሳሉ፤ ቁጥሩ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ጨምሮ ይጠብቃቸዋል። ሠላሳ ሰባት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሞተ?» አለ መምህር አዲሱ።

«ክፉ ቦታ አግኝቶ ነው። መምህር፣ ተማሪህ ሲያስብ እንዲህ ነው የምትጮህበት?»

መምህሩ ሳቀ፤ ዐይኑን ግን ከቁጥሩ ላይ አላነሣም። ቁጥሩ ብዙ ቆይቶ ሠላሳ ስምንት ሆነ። መቶ ሲሞላ ጋሽ ጀማል ቀጣዩን ሥራ እያስረዱኝ ሠሩ። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ሲጫን ለራሱ ያስቀመጠው ንጹሕ ቅጂ አለ፤ የተበላሸውን ፋይል ስሙን ቀይሮ ወደ ጎን ማድረግ፣ ንጹሑን በቦታው መተካት ነው። «የተበላሸውንም አንጥለውም» አሉ፤ «ምናልባት ይፈለግ ይሆናል።» ትእዛዙን በአንድ ጣታቸው ጻፉ፤ አንዲት ፊደል ተሳስተው መለሱ፤ ከዚያ ሲዲውን አውጥተው እንደገና አስነሡት።

ጥቁሩ ማያ መጣ፤ ቆየ። ከዚያ ያ የምናውቀው የመነሻ ዜማ ተሰማ። መምህር አዲሱ ፊቱን ወደ አቡጀዲው አዞረ።

ጽሑፉን የከፈትሁት እኔ ነኝ። ከፊሉ ገጽ ፊደሉ ጠፍቶ በትንንሽ ባዶ ሣጥኖች ተሞልቷል፤ ደነገጥሁ። ወደ ታች ወረድሁ። የእጅጉ ዘር የተጻፈበት ገጽ ግን ሙሉ ነበር። በአያ ታፈረ አነጋገር እንዲህ ይላል፦ «ወርቅነህ ሲሳይ ይባል እንጂ ሲሳይ አባቱ አይደለም፤ አያቱ ነው። እናቱ የውብዳር ሲሳይ፣ ከየጁቤ በላይ ካለው አፋፍ ተድራ፣ ወርቅነህን ወልዳ በአራስ ቤት ዐረፈች። ልጁን አያቱ አሳደገው፤ በስሙም ጠራው። ቆጣሪ ሆይ፣ እርሷን አትዝለላት።»

ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ ሽማግሌዎቹ የዘለሏት እርሷን ነበር። ጋሽ ጀማል ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩና፣ «ስምንት» አሉ። ቀጥለውም፣ «አሁን ከዚህ ሳትነሣ ገልብጥ። ፍላሽ አልወድም የሚባል ነገር እንዳልሰማ» አሉኝ። አዲስ ፍላሽ ከጥቅሉ አውጥተው ራሳቸው ሰኩበት፤ በወረቀትም አተሙልኝ።

ሽማግሌዎቹ ፍልሰታ ሲፈታ መጡ፤ ስሟን ይዘው ወደ የጁቤ ወረዱ። እዚያ አንዲት ባልቴት ስሟን ሲሰሙ ሌላ ሳይጠየቁ፣ «ያቺ በአራስ ቤት የቀረችው? ያደገችበትን ግቢ ኑ ላሳያችሁ» አሏቸው። ትርንጎ በጥር ተዳረች።

ከሞጣ የተመለስሁ ዕለት ግን ሰርግ ገና ሩቅ ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማ፣ «ዳነ?» አለችኝ። ጉልበቷን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኋት። «መንቀልሽ ልክ ነበር፤ ሁልጊዜ ግን መጀመሪያ ማጥፋት፣ ከዚያ መንቀል ነው» አልኋት።

«ታዲያ ማጥፋቱን መች አስተማርኸኝ?» አለች።

ያኔውኑ አስተማርኋት። ሁለት ክረምት ሙሉ የሟቾችን ስም ስጽፍ፣ አጠገቤ ዳንቴል ለምትሠራው ሴት አንዲት ቁልፍ አላሳየኋትም ነበር። ንጹሕ ሆና እንድትኖር ብዬ ከሰው እጅ ያራቅኋት መኪና የተጎዳችው በዚያ ምክንያት ነው። ዛሬ ቆጠራው በአራት ቤት በወረቀት ተቀምጧል፤ የሚፈልግ ሁሉ ይገለብጠዋል፤ የተሳሳተም ካለ ያርመዋል። ፊደላቸው የጠፋባቸውን ገጾች ለመሙላት ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ከቢቸና እስከ የጁቤ እየዞርሁ አረጋውያንን እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ያስታውሳሉ፤ አንዱ የዘነጋውን ሌላው ያነሣዋል።

የተበላሸው አራት ገጽ ነው። በአራቱ ገጽ የነበሩት ሠላሳ አንድ ስሞች። እስካሁን የተገኙት ሃያ።

የጠፉት ዐሥራ አንድ።