ለአባት የሚል አንቀጽ የለም

የእህቴ ባል በሳሙና ፋብሪካችን የሰው ኃይል ኃላፊ ነው። በስሙ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፤ ሌላው ሰው፣ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ፣ «አንቀጽ» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ሊያሾፉበት ነበር። እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው።

ወጣት ሳለ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ሸምድዷል። ይህን አልነፍገውም። ሰው ጥያቄ ይዞ ቢሮው ሲገባ ከወንበሩ ይነሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጣቱን ወደ ጣሪያው ይቀስራል፤ ከዚያ አንቀጹ ከነንዑሱ ይንቆረቆራል። የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ደግሞ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ትልቅ ቁጥር ሰምቶ የሚከራከር ሠራተኛ የለም። በዚህ ምክንያት ፋብሪካችን ውስጥ ሕግ ማንበብ የሚባል ነገር ቀረ፤ አንቀጽ እያለ ማን ዓይኑን ያደክማል? የዓመት ፈቃድ፣ የትርፍ ሰዓት፣ የሕመም ፈቃድ፣ ሁሉም የሚወጣው ከእሱ አፍ ነው። ሰፈር ውስጥም ያው ነው። ከሥራ የተባረረ ሁሉ እህቴ ቤት ይመጣል፤ እሷም ሐኪም ያገባች ይመስል ወንበር እያወጣች «ቁጭ በሉ፣ አሁን ይደርሳል» ትላለች።

ክፋቱ፣ ሕጉ ተለወጠ። ተሻሻለ፣ እንደገና ተሻሻለ፣ ከዚያ መመሪያ ወጣለት። አንቀጽ ግን «ሕግ አይለወጥም፣ የሚለወጠው ሽፋኑ ነው» ብሎ ደመደመ። ኮሪደራችን ላይ በመስተዋት የተዘጋ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ውስጡ የተለጠፈው የድሮው ሕግ ነው፤ ወረቀቱ ወይቧል፣ ከሥሩ የደረቁ ዝንቦች ተኝተዋል፣ የመስተዋቱ ቁልፍ ከጠፋ ቆይቷል። አዲሱ ሕግ ታትሞ ሲላክለት የጠረጴዛ ማራገቢያው እንዳይንቀጠቀጥ ከሥሩ ደገፈበት። ማራገቢያው አርፎ መዞር ጀመረ። አዲሱ ሕግ ለፋብሪካችን የሰጠው አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ይኸው ብቻ ነበር።

ሥልጠና ግን አያመልጠውም። ሕጉን ለማስተዋወቅ ተብሎ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ከተጠራ ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው። የጨርቅ ቦርሳ፣ እስክሪብቶና ከኋላው ረድፍ ቆሞ የተነሳውን ፎቶ ይዞ ይመለሳል። «ጋሼ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» ስለው የምሳውን ዓይነት ይዘረዝርልኛል። ስለ ጣፋጩ ሲያወራ እንደ ሕጉ ዓይኑን ይጨፍናል።

ወደ ነገሬ ልግባ። የእህቴ ልጅ ያገባችው የእኛኑ ክፍል መካኒክ ነው። እኔ መጠቅለያ ክፍል ነው የምሠራው፤ ማሽኗ አሮጌ ናት፣ ጠባይዋን የሚያውቅላት እሱ ብቻ ነበር። ዝምተኛ፣ ሰው አክባሪ፣ አማቱን ሲያይ ቆቡን የሚያወልቅ ልጅ። ለአንቀጽ ዓይነቱ ሰው እንዲህ ያለው ልጅ ሲሳይ ነው።

አንድ ጠዋት ቢሮው በር ላይ ከሌሎች ጋር ተሰልፌ ሳለሁ ልጁ እየሮጠ መጣ። እጁ በግሪስ እንደተለወሰ ነው።

«አባባ፣ ልጅዎ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታለች። ጥቂት ቀን ፈቃድ እንዲሰጡኝ ነው የመጣሁት።»

«እዚህ አባባ የለም» አለው። «እዚህ ያለው ኃላፊ ነው።»

«እሺ ጌታዬ። ሚስቴ ልትወልድ ነው።»

«የምትወልደው እሷ ናት ወይስ አንተ?»

የተሰለፈው ሰው ሳቀ። አንቀጽ ሳቅ ሲሰማ እንደሚሆነው ሆነ፤ ተነሳ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጣቱን ቀሰረ። «የወሊድ ፈቃድ ለወለደች እናት ይሰጣል። ለአባት የሚል አንቀጽ የለም። ወደ ማሽንህ ተመለስ!»

ልጁ ቆቡን እንደያዘ ቆመ። እኔ ገባሁና «ጋሼ፣ እንግዲያው እኔ ልሂድላት፣ ከዓመት ፈቃዴ ቁረጥልኝ» አልኩት። እሱንም ከለከለ፤ «ለዘመዱ አዳላ ይሉኛል» ብሎ። ልጁ ማሽኗ ጋ ተመልሶ ትንሽ ሠራ፤ ከዚያ ስልክ ተደወለለትና ጥሎ ወጣ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እወጣ ነበር።

ልጅቷ በቀዶ ጥገና ወለደች። ወንድ ልጅ። ግን ደሟ አልቆም ብሎ በሞትና በሕይወት መካከል ከረመች። እህቴ ጉልበቷን ስለሚያማት የሆስፒታሉን ደረጃ መውጣት አትችልም። ባልየው ነው መድኃኒት ሲያመላልስ፣ ሕፃኑን ሲያቅፍ፣ ኮሪደር ላይ ሲያድር የሰነበተው። አያትየው በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ብቅ ይላል፤ የልጅቷን ግንባር ይስማል፤ አማቹን «ሥራ ቀርተሃል» ይለዋል።

ልጁ ሥራ ሲመለስ የስንብት ደብዳቤው ጠበቀው። አንቀጽ ደብዳቤውን መስጠት ብቻ አልበቃውም። በምሳ ሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ «አማቼ ነው! የልጄ ባል ነው! ሕግ ግን ዘመድ የለውም!» አለ። ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛው ተነስቶ መጥቶ ጨበጠው። በዚያ ሁሉ የአገልግሎት ዘመኑ ሥራ አስኪያጅ ሲጨብጠው ያየሁት ያኔ ነው። ፊቱ አበራ፤ አስጠላኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። ባልና ሚስቱ የተከራዩትን ቤት ለቀው፣ ሕፃኑን ይዘው፣ አንቀጽ ግቢ የኋላ ክፍል ገቡ። ልጁ በየጋራዡ እየዞረ የቀን ሥራ ይለምናል፤ ማታ ደግሞ ያባረረው ሰው ገበታ ላይ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። አንድ ቀን «ለምን አቤት አትልም? ፋብሪካው ሥራህን እንዲመልስልህ?» አልኩት።

«በየትኛው ሕግ አክስቴ? ሕጉን የሚያውቁት እሳቸው አይደሉ?»

ሁላችንም እንደ እሱ ነበርን። ሕጉ የሚለውን ሳይሆን አንቀጽ የሚያውቀውን ነበር የምንጠይቀው።

ብዙም ሳይቆይ አንቀጽ ሌላ ሥልጠና ሄደ። ሲመለስ ስለ ምሳው አላወራም። ቦርሳውን ጥግ ላይ ጥሎ ተኛ። እህቴ ሆዱን የነካው ነገር አለ ብላ ሻይ በሎሚ አፈላችለት። በማግስቱ ለአማቹ አሮጌ ኮቱን ሰጠው። በሳምንቱ «ጋራዥ ቤት የማውቀው ሰው አለ፣ እነግርልሃለሁ» አለው። ሕፃኑንም ከጭኑ አላወርድ አለ። እህቴ «አያት መሆን አለሰለሰው» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ግን ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ያለ ምክንያት ለስልሶ አያውቅም። ብቻ ምክንያቱን ማን ይወቀው? ዝም አይነቅዝም ብሎ አፉን ዘግቷል።

የተከፈተው በእሁድ ምሳ ላይ ነው። አጥር የሚጋሯቸው ጡረተኛ አስተማሪ ተጋብዘው ነበር። ሁላችንም ተቀምጠናል፤ ሕፃኑ አያቱ ጭን ላይ ነው። አስተማሪው ምንም ሳያስቡ፣ ሾርባቸውን እያማሰሉ፣ «የእኔም ልጅ ወለደ እኮ» አሉ። «አሁን ቤት ነው ያለው። አዲሱ ሕግ ለአባት ፈቃድ ይሰጣል አይደል? መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው ሂድ ያለው።»

ገበታው ላይ የሚንቀሳቀስ እጅ ጠፋ። አማቹ ቀና አለ። አንቀጽ ያኔ «እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም» ቢል ይድን ነበር። ውሸት ቢሆንም ይድን ነበር። ግን በራሱ ገበታ ላይ፣ አንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሕግ ሲያስተምረው? አፉ ቀደመው።

«ይህን ከእርስዎ በፊት ነው የማውቀው!» አለ። «ሥልጠና ላይ በሰፊው ተወያይተንበታል። አሠልጣኙን እኔው ነኝ የጠየቅኩት። ሚስቱ ስትወልድ የቀረን አባት ማባረር ሕገ ወጥ ስንብት ነው፤ ሠራተኛው በጊዜው አቤት ካለ ወደ ሥራው ይመለሳል።» ጣቱ ወደ ጣሪያው ወጥቷል። «ካላለ ግን ይርጋ ያግደዋል።»

«ይርጋ ምንድነው?» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«የማመልከቻ ጊዜው ማለፍ ነዋ።»

«የእኛስ አልፏል?»

«ባለፈው ሳምንት አለፈ» አላት፣ ልክ ለባዳ እንደሚያስረዳ።

«አንተ ይህን ስትሰማ ግን ገና አላለፈም ነበር።»

«እንዴት ያልፋል? እኔ እኮ ወዲያው ነው ያወቅኩት» አለ። ቀድሞ በማወቁ መኩራቱ ነው እኮ! ከዚያ የሁላችንንም ፊት አየና የተናገረው ገባው። ጣቱን አወረደ።

«ለምን አልነገርከንም፣ አባዬ?»

ሕፃኑን አየ፣ ማንኪያውን አየ፣ እኔን አየኝ። «ታዲያ... ማን ጠየቀኝ?» አለ።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። የዚያን ዕለት የታየው ጭንቅላት ብቻ አልነበረም። የልጁን ባል ሥራ የሚመልስ ቃል በጉንጩ ይዞ፣ ሥራ አስኪያጁ የጨበጠው እጅ እንዳይረክስበት ሲል፣ ቀኑ እስኪያልፍ ጠብቋል። ኮት ሰጥቶ ጠብቋል። ሕፃኑን አቅፎ ጠብቋል።

ልጅቷ ተነስታ ዞራ መጣችና ሕፃኑን ከጭኑ ላይ አነሳች። ባሏም ተነሳ። ሰው አክባሪው ልጅ «ምግቡ ጥሩ ነበር» ብሎ እህቴን አመስግኖ ነው የወጣው። ኮቱን ወንበሩ ላይ ተወው። አንቀጽ ለአስተማሪው ስለ ይርጋ የቀረውን ሊያስረዳ ሞከረ፤ አስተማሪው ግን ባርኔጣቸውን እየፈለጉ ነበር። እህቴ ሳህኖቹን ሰበሰበችና ወጥ ቤት ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

ልጆቹ እኔ ቤት ገቡ። ልጁ በኋላ ዱቄት ፋብሪካ ተቀጠረ። ማሽናችን ግን እስካሁን እንደተነጫነጨች ናት፤ አዲሱ መካኒክ በእርግጫ ነው የሚያስነሳት።

አንቀጽ አሁንም አንቀጽ ነው። ሚስቱ የወለደችለት ሠራተኛ ቢሮው ሲገባ ይነሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ የአባት ፈቃድን አንቀጽ ከነንዑሱ፣ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት እንደወጣ ሁሉ፣ ያንቆረቁረዋል። ሠራተኛው «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ይወጣል። እንዲህ ያለ ደረቅ ዓይን አይቼ አላውቅም።

ባለፈው ወር በፋብሪካው በር ስንወጣ ያዘኝ። ስለ ሕፃኑ ሊሰማ ፈልጎ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ማሽናችን። «መራመድ ጀምሯል» አልኩት።

ቦርሳውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ወደ ማን ነው የሚሄደው?» አለኝ።

«ወደ አባቱ» አልኩት። እንዲያመው ብዬ ነው ያልኩት፤ አመመውም።