ዝቅ ብለው የሚቀመጡት ሴቶች

ትናንት የእህቴ ልጅ ስልኳን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ስፖርት ልታሠራኝ ተነሣች። ቁጭ ብድግ ስል ስልኩ ጉልበቴ ላይ ነጥብ እያደረገ ይቆጥራል። ነጥቡ ግን የቀሚሴ ጫፍ ላይ ተለጥፎ ቀረ። "አክስቴ፣ ጉልበትሽ ጠፋ!" ብላ ሳቀች። እኔ ግን በስደት ዓረብኛ እየሰማሁ የኖርኩበት ዴም ሰፈር ትዝ አለኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፤ እየነካካሁ ነው የለመድኩት። የምንሠራው ከምግብ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ስለነበር፣ የቁሌቱ ሽታ ገና ረፋድ ላይ በደረጃው ወጥቶ ያስርበናል። ኮምፒውተር ራሱ የፈጠራቸው የሰው ሥዕሎች ይመጡልናል፤ ትከሻቸው፣ ክርናቸው፣ ጉልበታቸው ላይ ነጥብ አለ። ነጥቡ መገጣጠሚያው ላይ ካረፈ እናሳልፋለን፣ ካላረፈ እንመልሳለን። በእነዚህ ሥዕሎች የሚማረው ካሜራ፣ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚውሉ አሮጊቶች ሲወድቁ ሰው እንዲጠራ የታሰበ ነበር።

ብዙዎቻችን በደንብ ሳናይ ነበር የምናሳልፈው። ሰውየውን የሠራው ኮምፒውተሩ፣ ጉልበቱን የሚያውቀውም እሱ፤ ማን ይከራከረዋል?

አንድ ቀን ግን ቶብ የሚሉትን ሰፊ መጠቅለያ ልብስ የለበሰች ሴት ሥዕል መጣች፤ መንገድ ዳር ሻይ እንደሚሸጡት ሴቶች አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ወደ ደረቷ ከፍ ማለት ሲገባው ነጥቡ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ በወንበር ልክ የሠራውን አካል ወደ በርጩማ ዝቅ ሲያደርገው የጉልበቱ ነጥብም አብሮ ወርዷል። የሚቀጥሉትም እንዲሁ።

አጠገቤ የምትሠራውን ዘሃራን ጠራኋት። የወሎ ልጅ ናት፤ ሰው ቤት ሠርታ ነው ወደኛ የመጣችው።

"ምን ይታይሻል?"

"እግሯ ተሰብሮ ሻይ የምትሸጥ ሴት" አለችና ሳቀች። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። "ሰው ቤት ሳለሁ የምጠብቃቸው አሮጊት፣ ሀጃ፣ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነበር የሚቀመጡት። ካሜራው በየደቂቃው ወደቁ ሊል ነው እኮ! የእውነት የወደቁ ቀን ማን ያምነዋል?"

ኃላፊያችን ጋሽ መሐሪ ዴም ተወልደው ያረጁ፣ ዓረብኛ ቀላቅለው የሚያወሩ ናቸው። "ያ ብንቲ፣ ልጄ፣ ሥራው ለሐሙስ ነው፤ አሳልፊውና ይለቅ፣ ኸላስ!" አሉኝ።

"አላሳልፍም ጋሽዬ። እስቲ እርስዎ ይቀመጡና እንየው።"

እያጉረመረሙ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሁላችንም ሰማን። "ማለሽ፣ ይቅርታ፣ ገባኝ። አሁን አንሡኝ!"

የተቀመጡትን ሴቶች በሙሉ መለስን። ከሳምንታት በኋላ አዲሶቹ ሥዕሎች መጡ፤ ነጥቡ ሁሉ ልክ ነው። ደስ ብሎኝ ሳሳልፍ ዘሃራ እጄን ያዘችኝ። "ሴቶቹስ?"

ሥዕሎቹን የሚልኩልን ሰዎች ጉልበታቸውን እንደማስተካከል የተቀመጡትን ሴቶች ጭራሽ አውጥተዋቸዋል። ሁሉም ቆሟል፣ ሁሉም ይራመዳል።

"ስህተት የሌለውን ምን ብለን እንመልሳለን? ያባርሩናል" አሉ ጋሽ መሐሪ።

"ያባርሩና! ሀጃ ይግቡ" አለች ዘሃራ።

አንድም ሥዕል ላለማሳለፍ ቆረጥን። ጋሽ መሐሪ ትንሽ አሰቡና "ያላ፣ እኔም አለሁበት" ብለው ምክንያቱን በስማቸው ጻፉ። ስንት ቀን በስጋት ጠበቅን። በመጨረሻ ሥዕሎቹ ሲመጡ ሴቶቹ ተመልሰዋል፤ በርጩማቸው ላይ፣ ጉልበታቸው በየቦታው። ዘሃራ ስክሪኑን በጣቷ ነካ አድርጋ "እንኳን ደህና መጡ ሀጃ" አለች።

እኔ ዛሬም አንድ ነገር "ምንም ስህተት የለውም" ሲባል ልቤ አያርፍም። ማን ወጥቶ ነው ልክ የሆነው ብዬ እጠይቃለሁ። ሰው ጭቅጭቅ ትወዳለች ይለኛል። ይበል።