የማንጎ ቅጠል የለበሰችው ፔጆ

ባለፈው ሳምንት፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሻርፕ ከምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አጠገብ አንድ ሰው የብረት በር እየቀባ ነበርና የቲነሩ ሽታ በመጋረጃው ሥር ሾልኮ ገብቶ እጄን ከሥራ አስቆመው። አፍንጫ ቆንጥጦ ዓይን የሚያስነባ ሽታ ነው፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞርበታል፤ እኔ ግን ወደ በሩ ጠጋ ብዬ ደጋግሜ ሳብኩት፣ ከእሱ ጋር እርጥብ የብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ የጠጣ አፈርና የአባቴ ሸሚዝ አብረው መጥተውብኝ ነበርና።

አባቴ ታክሲ ነጂ ነበር። የሚነዳት አሮጌ ፔጆ 404 የእናቴ አባት በምድር ባቡር ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛት ስትሆን፣ እሱ ሲሞት ለእናቴ ደረሰቻት። የመጀመሪያ ቀለሟ ጥቁር አረንጓዴ ነበር። እናቴ «የማንጎ ቅጠል» ትለው ነበር፣ ያም አዲስ የወጣውን ለጋ ቅጠል ሳይሆን ከዛፉ ውስጠኛው በኩል ያለውን፣ ጥላ የጠገበውን ማለቷ ነበር። እኔ በተወለድኩበት ዓመት አባቴ ለታክሲ ሥራ ሰማያዊና ነጭ አስቀባትና «አንድ ቀን ወደ ራሷ ቀለም እመልስልሻለሁ» ብሎ ለእናቴ ቃል ገባላት። ከውጭ እንደ ሌሎቹ ታክሲ ሆነች፤ በሯ ሲከፈት የሚታየው ጠርዝና ከፊት ያለችው የወረቀት ማስቀመጫ ትንሽ ሣጥን ክዳን ግን አረንጓዴ እንደሆኑ ቀሩ። ልጅ ሆኜ ያችን ክዳን በጣቴ እየዳበስኩ፣ መኪናዋ ልብሷን የቀየረች እንጂ ራሷን ያልቀየረች ሰው ትመስለኝ ነበር።

በጣም ዓይን አፋር ነበርኩ። እንግዳ ሲመጣ ከበር ኋላ እቆም ነበር፣ ትምህርት ቤትም መልሱን እያወቅሁት እጄን አላነሳም ነበር። አባቴ ወደ ገበያም ሆነ ወደ ሱቅ ሲወጣ እናቴ ሁልጊዜ «ልጅቷን ይዘሃት ሂድ» ትለው ነበር፤ ሰው እያየሁ ዓይን አፋርነቴ እንዲለቀኝ ብላ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ደግሞ ቲማቲም ስንገዛ «አንቺ ምረጪ፣ እጅሽ ይቀናል» እያለ ወደ ኋላ ይቆም ነበርና፣ እጄ ላይ የሆነ በረከት እንዳለ አምኜ በኩራት እመርጥ ነበር።

በአንዱ ክረምት የደቻቱ ወንዝ ደጋግሞ ሞላ። ባጃጁ ተሳፋሪውን ሁሉ ወስዶት ስለነበር አባቴ ብዙውን ቀን ድልድዩ አጠገብ ቆሞ ጎርፉን ሲያይ ውሎ ባዶውን ይመለስ ነበር። ያኔ ከመልካ ጀብዱ አንድ ነጋዴ መጥቶ ፔጆዋን ልግዛ አለ፣ ዕቃ መጫኛ ሊያደርጋት። እናቴ ሻይ አቅርባለት ከሄደ በኋላ «ሽጣት» አለች። «የአባቴ መኪና የሌላ ሰው ልብስ ለብሳ ደጄ ከምትቆም ባላያት ይሻለኛል።»

አባቴ «እስከ ጥር ታገሺኝ» አላት። «ቀለሟን እመልስና ሙሽራ እጭንባታለሁ። ቀለሟን አይተሽ ‹የአባቴ አይደለችም› ካልሽ ቁልፉን ራሴ ለሰውዬው እወስድለታለሁ።»

መስከረም ሲጠባ አቅማችንን የሚያውቅ ጋራዥ ፍለጋ ጀመርን፤ እኔም እንደተለመደው አብሬ ተላክሁ። የመጀመሪያው ሰፊና ወለሉ የሚያብረቀርቅ ነበር። ባለቤቱ ከወንበሩ ሳይነሳ ፔጆዋን በአገጩ አሳይቶ «ይቺን ከምትቀባ ዱዓ ብታስደርግላት ይሻላል» አለ። የጠራውም ዋጋ እሷን የሚገዛ ነበር። አባቴ ሞተሩን እያስነሳ «አቦ፣ ካንተ ወንበር በላይ ትሄዳለች» ብሎት ወጣን።

ሁለተኛው ደቻቱ አሸዋ ዳር የሚሠራ፣ ሳቂታና ፈጣን ወጣት ነበር። «ወሪያ፣ ሐሙስ አምጣት፣ ቅዳሜ ሙሽራ አድርጌ እሰጥሃለሁ» አለው፣ ዋጋውም አባቴን ፈገግ አሰኘው። እነሱ ሲነጋገሩ እኔ ቀብቶ ወደ ጨረሳት አንዲት ነጭ መኪና ሄጄ በሯን ዳበስኩ። ከሩቅ መስታወት ትመስል ነበር፤ ከጣቴ ሥር ግን ብርድ የመታው ሰው ቆዳ ሆነችብኝ፣ ከወንዙ የተነሳ አሸዋ በእርጥቡ ቀለም ላይ አርፎ አብሮ ደርቆ ነበርና። መናገር ስላልደፈርኩ አባቴን በእጁ ስቤ አምጥቼ ጣቱን በሩ ላይ አኖርኩት። ዳበሰ፣ አየኝ፣ ወጣቱንም «ኢንሻአላህ እናስብበት» ብሎ ተሰናበተው።

ሦስተኛው ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ በሚያጠላው ግቢ የሚሠሩት ጋሽ ኃይሉ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ፉርጎ ሲቀቡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን ሰው። ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ፔጆዋን ከፊት እስከ ኋላ ዳበሷትና «እዚህ ጋ ተጋጭታ በስቱኮ ተሞልታለች፣ እዚህ ጋ ዝገት አለ፣ ይሄ በር ተቀይሯል» አሉ። አባቴ አፉን ከፈተ፣ አንዱንም አልሳቱምና። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ የሚያይ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ዓይን አፋርነቴን ረስቼ ፊታቸው ላይ ፈዘዝኩ።

«የኔ ዋጋ ይከብድሃል» አሉት። «ግማሹ ግን የፍተጋ ነው። ፍተጋውን ቤተሰብህ ከሠራ ግማሹ ይተርፍልሃል። ታህሳስ ሳይገባ አልቀባም፣ ጠዋት ንፋስ ከተነሳ በኋላም አልቀባም። ቀለሙን አንተ አምጣ፣ ባለቤቱ ያመጣውን ነው የምረጨው።»

ጥቅምትንና ኅዳርን ፈተግን። አባቴ ሲሠራባት ውሎ ለአዳር ወደ ግቢው ሲያስገባት፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ እየነከርን፣ ጣታችን እስኪሸበሸብ እናሽ ነበር። እናቴ «ሲያልቅ አየዋለሁ» ብላ አንድ ቀን እንኳ አልመጣችም። መጀመሪያ ሰማያዊው ለቆ በእግሬ ሥር የሚፈሰው ውሃ ሰማይ መሰለ፣ ቀጥሎ ነጩ ወተት ሆኖ ወረደ። አንድ ቀን በኮፈኑ መሐል ስፈትግ የአንድ ሳንቲም ያህል አረንጓዴ ብቅ አለች። ትንፋሼን ይዤ ዙሪያዋን ሳሽ መዳፍ አከለች፣ ከዚያ ትሪ አከለች። ከመወለዴ በፊት የነበረ ነገር በእጄ ሥር ሲመጣ ሳይ ደነገጥኩ፤ አያቴን ባላውቀውም በሆነ በኩል የተያየን መሰለኝ። ጋሽ ኃይሉ በአጠገቤ ሲያልፉ «ይቺ ዝምተኛ እጅ አላት» ይሉ ነበር።

ቀለሙን አባቴ ለብቻው ገዛው። ትምህርት ቤት በነበርኩበት ቀን የሣጥኗን ክዳን ይዞ ወጥቶ፣ የተረፈ ቀለም በርካሽ ከሚሸጥ ሰው አንድ ትልቅ ጣሳ አግኝቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ አልጋ ሥር አስቀመጠው። ማንንም አላሳየም ነበር፤ ደስታው ግን ያስታውቅበት ነበር።

በታህሳስ የቀጠሮው ጠዋት ሱብሂ ተሰግዶ እንዳበቃ ደረስን። ጋሽ ኃይሉ ግቢውን በውሃ አርሰው አቧራውን አስተኝተው፣ መስኮቶቿን በጋዜጣ ሸፍነው ይጠብቁን ነበር። ከኒሙ አንድ ቅጠል አይንቀሳቀስም። አባቴ ጣሳውን ፈታ፣ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ከፈተው።

አረንጓዴ አልነበረም። ቡናማ ነበር፣ ደቻቱ ሲሞላ የሚያወርደውን ጎርፍ የመሰለ ጥቅጥቅ ያለ ቡናማ።

አባቴ የሣጥኗን ክዳን ከጣሳው አጠገብ ይዞ «ቁርጥ እሱ አይደል ጋሼ» አለ፣ ፊቱ እየበራ። ጋሽ ኃይሉ ቲነሩን ለመለካት አጎንብሰው ስለነበር ቀና ሳይሉ «ባለቤቱ ከወደደው» አሉና ቀለሙን አቅጥነው ወደ መርጫው መገልበጥ ጀመሩ።

ያን ጊዜ ቲማቲሞቹ ሁሉ ትዝ አሉኝ። የእጄ በረከት ምን እንደነበር ገባኝ። አባቴ አረንጓዴውንና ቡናማውን፣ ቀዩንና ያልበሰለውን አይለይም ነበር። ዝም ካልኩ እናቴ የጎርፍ ቀለም ያላት መኪና ታያለች፣ በጥርም ቁልፉ መልካ ጀብዱ ይሄዳል፤ ከተናገርኩ ደግሞ የአባቴን ዓይን በሰው ፊት አጋልጣለሁ፣ ግቢው ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ነበሩና። ጋሽ ኃይሉ መርጫውን አንስተው ወደ ኮፈኑ ሲያዞሩ ግን እግሬ ቀድሞኝ ሄዶ በመርጫውና በመኪናዋ መካከል ቆምኩ።

«ምነው፣ አንቺም ልትቀቢ ነው» አለ አንዱ ሠራተኛ እየሳቀ። አባቴን በእጄ ጠርቼ እንዲያጎነብስ አደረግሁና በጆሮው «አባ፣ አረንጓዴ አይደለም። ቡናማ ነው» አልኩት።

እንዳጎነበሰ ቆየ። ትንፋሹ ጉንጬ ላይ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ «ልጄ ቀለሙን አልወደደችውም» አለ።

ሠራተኛው «አቦ፣ መኪናዋ የሷ ናት እንዴ» ሊል ሲጀምር ጋሽ ኃይሉ በዓይናቸው ዝም አሰኙት። የሣጥኗን ክዳን ተቀብለው ከጣሳው ጋር አስተያዩት፣ አባቴን አዩት፣ እኔንም አዩኝ። ኮምፕረሰሩን አጠፉና «ዛሬ ንፋስ ይነሳል፣ ነገ እንቀባለን» አሉ። ንፋስ አልነበረም።

ፀሐይ ስትወጣ ከመጋዘናቸው የራሳቸውን ጣሳዎች አወጡና እኔን አጠገባቸው አቆሙኝ። ሰማያዊ ላይ ቢጫ፣ ከዚያ ጥቁር በጠብታ እየጨመሩ፣ በጣታቸው የሣጥኗ ክዳን ላይ ነጥብ እየጣሉ፣ እስኪደርቅ እየጠበቁ «ይታይሻል» ይሉኝ ነበር። «ይታየኛል» እላለሁ። በቲነር ይጠርጉታል፣ ይጨምራሉ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላስታውስም። በመጨረሻ ነጥቧን ጥለው ጠበቅንና ፈለግኋት፣ ክዳኑን ወደ ብርሃን አዘነበልኩት፣ አላገኘኋትም። ከአያቴ ቀለም ጋር ተዋሕዳ ጠፍታ ነበር። «አይታየኝም» አልኩ፣ ድምፄም ግቢውን ሞላው። ጋሽ ኃይሉ «እንግዲህ ትክክል ነው» አሉ። ቡናማውን ጣሳ በሒሳቡ ያዙልንና የገዛ በራቸውን ቀቡበት።

በማግሥቱ ንጋት ላይ ቀቧት። መርጫው እንደ ትንፋሽ ያለ ድምፅ እያሰማ ሲሄድና ሲመለስ፣ በኋላው የሚቀረው አረንጓዴ እርጥብና ጥልቅ ነበር፣ የኒሙ ቅርንጫፍ ተገልብጦ ውስጡ ይታይ ነበር። አባቴ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ እንደሚሰግድ ሰው ቆሞ ነበር። እሱ ምን ዓይነት ቀለም እንዳየ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ደርቃ ቤት ስትደርስ እናቴ እጇን በቀሚሷ እያበሰች ወጣች። ፔጆዋን አንድ ጊዜ ዞራ፣ የኋላውን በር ከፍታ፣ ልጅ ሳለች አባቷ ሲነዳ ትቀመጥበት ወደነበረው መስኮት ዳር ገብታ ተቀመጠች። ብዙ ቆይታ «ቀለሙን ማን መረጠው» አለች። አባቴ አንገቱን ደፍቶ በአገጩ እኔን አሳያት።

«አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ታዲያ ለምን ይመስልሃል ሁልጊዜ ልጅቷን ይዘሃት ሂድ የምልህ።»

ዓመታት አልፈዋል። ፔጆዋ ብዙ ሙሽራ ጭና አሁን ደጃችን ታርፋለች፣ አንዳንድ ቦታ ተጭራለች፣ ያም ሆኖ መንገደኛ ሊያያት ይቆማል። ዛሬ ቀለም በማሽን በቁጥር ይቀመማል፣ ነጥብ ጥሎ የሚጠብቅ ሰው አላይም። እኔም አሁንም ዓይን አፋር ነኝ፤ ሻርፕ ስሸጥ ግን ደንበኛ የትኛው ይሻላል ካለችኝ ሳልፈራ እነግራታለሁ። አባቴ አርጅቶ አልፎ አልፎ ሱቄ ይመጣል። ስለዚያ ጠዋት አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ከመደርደሪያው ሁለት ሻርፕ ያነሳና ለእናቴ ሊወስድላት ፈልጎ ምንም ሳይል ወደ እኔ ይዘረጋቸዋል፤ እኔም ምንም ሳልል አንዱን እመርጥለታለሁ።